ደህናው ልጅ

ሶፋ ሠሪው መንታ እንደሚወለድለት ካወቀ ጀምሮ ለሁለት የሕፃን አልጋ የሚሆን እንጨት መርጦ ጥግ ላይ አቁሞ ነበር። ልጆቹ ግን አልጠበቁትም። እንጨቱ ገና ሳይላግ፣ ሚስቱ በሰባተኛ ወሯ ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር ምጥ ያዛትና ከጥቁር ሰሌዳው ፊት በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ስልክ ሲደወልለት የሰው ሶፋ ገልብጦ የተቀደደ ሽፋን እየነቀለ ነበር። እጁ ላይ የደረቀውን ማስቲሽ እንኳ ሳያስለቅቅ ሮጦ ሲደርስ፣ ሁለቱም ተወልደው ነበር። አንዲት ሴት፣ አንድ ወንድ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገብተው በማሞቂያው መስታወት አሻግረው ሲያሳዩት፣ ያየው ነገር ልጅ አልመሰለውም። ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ነው፤ ሴቷ ከመዳፉ ብዙም አትበልጥም። ተረኛዋ ነርስ ወንበር ሳበችለትና፣ ለልጆቹ ያወጣችላቸውን ስም ነገረችው። ሴቷ አፏን ከፈት ዘጋ ስለምታደርግ «ድንቢጥ»፣ ወንዱ ግንባሩን ኮስተር አድርጎ ስለሚተኛ «ጋሼ»። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ወሬውን የሚሰማው በዚሁ ስም ሆነ። ጋሼ ዛሬ ተቆጥተው ነው የዋሉት ትለዋለች፤ ድንቢጥ ክብደት ጨምራለች ትለዋለች። በኋላ የወግ ስም ቢወጣላቸውም፣ ቤት ውስጥ የጸናው ነርሷ ያወጣችው ነው።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ፣ ፀጉራቸው ሽበት የቀላቀለ አንዲት ሐኪም የአልትራሳውንድ መሣሪያ እየገፉ መጡ። የልጆቹን እርግብግቢት ቅባት ነገር ቀብተው መሣሪያውን በቀስታ አሳረፉበት። ሶፋ ሠሪው ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ያየው ግን ዝናብ ያረገዘ ሰማይ የመሰለ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። የሴቷ ተራ ሲደርስ፣ ሐኪሟ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ቆም አደረጉ፤ አለፉና ደግሞ ወደዚያው ቦታ ተመለሱ።

ባልና ሚስቱን ለብቻቸው አንድ ጠባብ ክፍል አስቀመጧቸው። የወንዱ ጭንቅላት ላይ የሚታይ ነገር የለም አሉ። ሴቷ ግን አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል፤ እግርን የሚያዙት መስመሮች በሚያልፉበት ቦታ ላይም ጉዳት አለ። እግሯ ሊገትርባት፣ መራመድ ሊያስቸግራት ይችላል። ንግግርና ትምህርትም ላይ ችግር ሊመጣባት ይችላል።

«የምነግራችሁ የተጻፈባትን ዕጣ አይደለም» አሉ። «ዛሬ ላይ ሆኜ የሚታየኝን ነው። አንጎል ገና እያደገ ነው፤ ብዙ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ እያመጣችሁ በየጊዜው እናያቸዋለን። ሁለቱንም።»

የጨነቀው ሰው ጆሮ ግን ወንፊት ነው። የፈራውንና የተመኘውን ያስቀርና ሌላውን ያፈሳል። ባልና ሚስቱ ከዚያ ክፍል ይዘው የወጡት «ታማሚዋ» እና «ደህናው» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር።

ልጆቹ ቤት ሲገቡ፣ ቤቱ የድንቢጥ ቤት ሆነ። እናቲቱ የዓመት ፈቃድ ወስዳ፣ አማቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው መጥተው፣ ሁሉም እሷን ከበቡ። ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየቻቸውን ጠዋትና ማታ ይሠሩላታል፤ እግሯን ያፍታታሉ፣ በሆዷ ያስተኟታል፣ ጭንቅላቷን እንድታቀና መጫወቻ ፊቷ ላይ ያንቀሳቅሳሉ። ሶፋ ሠሪው ከሥራ የተረፈ ስፖንጅ እየቆረጠ ተዳፋት ያለው ትራስ፣ ደረቷ ሥር የሚገባ ጥቅል፣ መታጠቂያ ያላት ትንሽ ወንበር ሠራላት። የማይሰነጠቅ፣ የሚታጠብ ሽፋን አለበሰው። ባለሙያዋ አይታ ለሌሎች ልጆችም ሥራልኝ አለችው፤ እሱም ደስ ብሎት ሠራ። እናቲቱ ደግሞ አስተማሪ ናትና አፏ አያርፍም። ይሄ መስኮት ነው፣ ይሄ ማንኪያ ነው፣ ይሄ የአባትሽ ጫማ ነው፣ ይሸታል አይደል፣ እያለች ከወለል እስከ ጣራ ያለውን ሁሉ ለድንቢጥ ስትነግራት ትውላለች።

ጋሼ በዚያኛው ጥግ ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ መጋረጃው በነፋስ ሲወዛወዝ ያያል። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ይወፍራል። «እሱ እንደሆነ የታደለ ነው፣ አያስቸግር፣ አያስለቅስ» ይላሉ አያቱ። በጊዜው ተቀመጠ፤ በዓመት ከምናምኑም ቆሞ ሄደ። የሄደ ዕለት ሁሉም አጨበጨቡለት፤ ካጨበጨቡም በኋላ ፊታቸውን ወደ ድንቢጥ መለሱ።

ክትትሉንም መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሁለት ሕፃን፣ ሁለት ቦርሳ፣ የሚገፋፋ አውቶቡስ፣ ደግሞም ሌላ አውቶቡስ። አንድ ቀን ዝናብ ሆነና ጋሼን ለአያቱ ትተውት ሄዱ። ቀለላቸው። በሚቀጥለውም ትተውት ሄዱ። ሐኪሟ ወንዱስ ብለው ሲጠይቁ፣ ተመስገን፣ እሱ ደህና ነው ይሏቸዋል። በሚቀጥለው አምጡት ይላሉ ሐኪሟ፤ እሺ ይላሉ፤ ከዚያ የድንቢጥ እግር ይነሳና ጊዜው በዚያው ያልቃል።

የድንቢጥ እግር እንደተባለው ሆነ። ጡንቻዋ ይገትራል፤ ቆማ ሶፋ ይዛ ብትሄድም በጣቶቿ ጫፍ ነው። አፏ ግን ማንም ያልጠበቀውን ያህል ተፈታ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ትጠራለች፤ ሦስት ሲሆናት አባቷን የት ነበርክ፣ ለምን ዘገየህ፣ ማን አዘገየህ እያለች ትመረምረዋለች። የምትናገረው ለራሷ ብቻም አይደለም። ጋሼ ውሃ ጠምቶታል፣ ጋሼ ያኛውን ነው የፈለገው፣ ጋሼ ጫማው ጠቦታል ትላለች፤ የምትለውም ሁሌ ትክክል ነው። እንግዳ ሲመጣ ጋሼማ ጠበቃ አቁሟል ተብሎ ይሳቃል። አፉን አለመፍታቱ ያሳሰባት እናቲቱ አንዳንዴ ብታነሳም፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል ይሏታል እናቷ፤ ደግሞስ አባቱ መቼ ይናገራል? ሶፋ ሠሪው በእርግጥም ቃል የሚቆጥብ ሰው ስለሆነ፣ በዚህ ይስቅና ያልፈዋል።

ልጆቹ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው፣ የድንቢጥን ቁርጭምጭሚት የሚያስተካክል ቀዶ ሕክምና በሌላ ከተማ ባለ ትልቅ ሆስፒታል ተገኘላት። ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት እዚያው መቆየት ነበረባት። እናቲቱ ብቻዋን አትችልምና አያቲቱም አብረው ሄዱ። ሶፋ ሠሪው ከደህናው ልጁ ጋር ቤት ቀረ። እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ ብሎ ነበር። እንደ ወንድ ለወንድ እንኖራለን ብሎ ሚስቱን አሳቃት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ተነስቶ የእህቱን አልጋ አየ፤ ከሥሩ አጎንብሶ አየ፤ ከበሩ ኋላ አየ። ከዚያ መጥቶ የአባቱን ጣት ያዘና ጎተተ። ምን ልስጥህ አለው አባቱ። ልጁ «እእ» አለ። ውሃ ሰጠው፤ ገፋው። ዳቦ፤ ገፋው። ሙዝ፣ ጫማ፣ መኪናውን፤ ሁሉንም ገፋ። በመጨረሻ መሬት ላይ ተንጋሎ ወለሉን በተረከዙ እየደበደበ፣ ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ አለቀሰ። አባትየው አጠገቡ ተንበርክኮ ቀረ። ነገሩ የገባው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ድንቢጥ በየጠዋቱ ስትነሳ መጀመሪያ የምትለው ነገር «መጋረጃውን ክፈቱለት» የሚል ነበር። ልጁ የፈለገው መጋረጃው እንዲከፈት ነው።

መጋረጃውን ከፈተለትና ልጁ ዝም አለ። አባትየው ግን ከዚያ በኋላ አልተረጋጋም። ይሄ ልጅ ለእኔ ራሱ የነገረኝ ነገር ምንድን ነው ብሎ ያስታውስ ጀመር። እህቱ የተናገረችለትን ሲቀንስ፣ የቀሩት ቃላት ከአንድ እጅ ጣት አላለፉም።

ልጁን ትቶለት የሚሄደው ሰው ስለሌለ ይዞት ሥራ ገባ። ሶፋ ሠሪው ምስማር በጥርሱ ይዞ፣ ጀርባውን ሳያዞር፣ መዶሻውን ከሳጥኑ ላይ አንሳና ስጠኝ አለው። ጋሼ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ሄዶም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። አባትየው ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ጫማህን አውልቅና እዚህ ና አለው። ልጁ ጫማውን አወለቀና እሱኑ ታቅፎ ባለበት ቆመ። መዶሻ ብቻ ሲለው መዶሻ ያመጣል፤ ና ብቻ ሲለው ይመጣል። ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲሆን ግን አንዱ መንገድ ላይ ይወድቅበታል፤ ከወደቀም በኋላ ምን እንደጠፋው ባለማወቅ የአባቱን ፊት ቀና ብሎ ያያል። ያንን አስተያየት አባትየው ከዚህ ቀደም አይቶት ያውቃል። አልታዘዝ ሲል፣ ሲያልም፣ ሲሞላቀቅ ነው ይል ነበር። አሁን ምስማሩን ከአፉ አውጥቶ አስቀመጠና ልጁን ብድግ አድርጎ አቀፈው። ዕለቱን ሌላ ሥራ አልሠራም።

ቀጠሮ ሳይዝ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሟ ከክፍላቸው ብቅ ሲሉ አባትየውን አወቁት፤ ልጁን ግን ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ ነው አላቸው። ሐኪሟ ወረፋ የያዙትን ሰዎች ይቅርታ ጠይቀው አስገቧቸው። መጀመሪያ ጆሮው እንዲታይ ላኩት፤ ጆሮው ደህና ሆነ። ከዚያ መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠው የእንጨት ጡብ አስደረደሩት፣ ሥዕል አሳዩት፣ ውሻው የታል፣ ኳሱን ወንበሩ ሥር አድርገው እያሉ ጠየቁት። ጡቡን በደንብ ደረደረ። ኳሱን ግን ይዞት ቆመ።

ሲጨርሱ፣ ንግግሩና የሚሰማውን መረዳቱ ከዕድሜው በጣም ወደኋላ እንደቀረ፣ ሌላ ሌላውም ገና መታየት እንዳለበት ነገሩት።

«ዶክተር፣ ያኔ ንጹህ ነው ብለውን ነበር» አላቸው።

«ፎቶው ንጹህ ነበር። አሁንም ባየው ንጹህ ነው የምለው። ፎቶ የሚያሳየን ትልልቁን ጉዳት ነው፤ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አንጎል ላይ በፎቶ የማይያዝ ስንት ነገር አለ። እያመጣችሁ እንያቸው የምለው ለዚሁ ነበር።» ጡቦቹን እየለቀሙ፣ «እኔም አምጡት እላለሁ፤ ግን እሷን ይዛችሁ ስትገቡ ዓይኔ እግሯ ላይ ይተከላል። እናንተ ስትወጡ እኔም እሱን ረስቼዋለሁ» አሉት።

ሶፋ ሠሪው የሚወቅሰው ሰው ፈልጎ ከሆነ እንኳ፣ ከዚህ በኋላ አልሆነለትም። ያለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ይናገራል?»

«ይናገራል ብዬ አስባለሁ። መቼና ምን ያህል፣ ትምህርትስ ምን ያህል ይከብደዋል ለሚለው መልስ የለኝም። ስለ እህቱም ከነገርኳችሁ ግማሹ ነው የሆነው፤ አፏ እንዲህ ይፈታል ብዬ አልጠበቅኩም። ስለዚህ ይሆናል የምልህን ስማ፣ ግን ልጁን ከማየት አትቦዝን።»

ሚስቱ በየቀኑ ትደውላለች። ጄሶው ተፈታ፣ ተረከዟ መሬት ነካ፣ ዛሬ በመደገፊያ ሁለት እርምጃ ሄደች ትለዋለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ለዓመታት ያልሰማው ነገር አለ። ስለ ጋሼ ስትጠይቀው ደህና ነው ይላታል። በስልክ የሚነገር አልሆነለትም።

የነገራት ከመጡ በኋላ፣ ሥራ ቤቱ ድረስ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ነው። ገና ሽፋን ያልለበሰ ሶፋ ላይ አስቀመጣት፤ መጋረጃውን፣ መዶሻውን፣ ሐኪሟ ያሉትን፣ አንድም ሳይደብቅ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እጇን ስፖንጁ ላይ አሻሸች።

«ክፍሌ ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ካለ በሳምንቱ ወላጅ አስጠራለሁ» አለች። «የራሴን ልጅ ግን ጨዋ ነው ብዬ አመሰገንኩት።»

ሊያጽናናት ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ግን ከዚህ ቃል ፊት የሚቆም ሆኖ አላገኘውም። አጠገቧ ተቀመጠ። ጋሼ ወዲያ ማዶ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ውስጥ ይጫወታል። እናቲቱ ተነስታ ሄደች፤ መሬት ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ያንን ለእህቱ ያለማቋረጥ ያፈሰሰችውን ቃል እሱ ላይ ለቀቀችበት። ይሄ ጨርቅ ነው፣ ቀይ ነው፣ ይሄኛው ሰማያዊ ነው፣ ንካው፣ ይለሰልሳል አይደል። ልጁ ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ከየት መጣብኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ በደረቱ እየተሳበ ሶፋው ሥር ገብቶ ተደበቀ። እናቲቱ ሳቋ መጣ፤ እየሳቀችም እንባዋ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ተካፈሉት። ድንቢጥን ይዛ እሷ ትሄዳለች፤ ጋሼን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ የሚወስደው እሱ ነው። ባለሙያው ወጣት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የሰጣቸው ዋናው ትእዛዝ ለአፍ ቀላል ነው። አትናገሩለት፣ አጠር አድርጋችሁ ንገሩት፣ ከዚያ ጠብቁት። ቃል ቆጣቢው ሶፋ ሠሪ ዝም ማለት የሚያውቅበት ይመስለው ነበር፤ ልጅን እያዩ፣ የሚፈልገውን እያወቁ፣ እጅን አጣምሮ መጠበቅ ግን ሌላ ዝምታ ነው። ላብ የሚያወጣ ዝምታ ነው።

ከሁሉም የከበደው ግን ለድንቢጥ ነው። አትናገሪለት ስትባል መጀመሪያ ተቆጣች። «ታዲያ ማን ይንገራችሁ?» አለች። ነገሩን ሲያስረዷት እሺ ብላ፣ ጋሼ አንድ ነገር ሲፈልግ አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ትይዛለች፤ ጉንጯ ይነፋል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ መደገፊያዋን ስለምትለቅም አንድ ሁለቴ ወድቃለች። ካልቻለች ደግሞ እየተንገዳገደች ጓዳ ገብታ፣ ብስኩት ነው የሚፈልገው ብላ ለአሻንጉሊቷ በሹክሹክታ ትነግራለች። አያቷ ይህን ሰምተው ይቺ ምስጢር ያቃጠላት ልጅ ናት እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ ከረሙ።

ጋሼ በአንድ ጀንበር አልተለወጠም። ቃል አንድ ይመጣል፤ የመጣው ሰንብቶ ይጠፋል፤ ደግሞ ይመለሳል። ሁለት ቃል አጋጥሞ ያለ ዕለት እናቲቱ ኬክ ገዛች። ከዚያ ግን ወራት ያለ ኬክ ያልፉ ነበር። ሶፋ ሠሪው አንዳንድ ቀን ተስፋ እየቆረጠ፣ አንዳንድ ቀን በአንዲት ቃል እየሰከረ ኖረ። ሐኪሟን ግን ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ተወ። አሁን የሚጠይቃቸው ምን እናድርግ ብሎ ነው።

ትምህርት ቤት የሚገቡበት ጊዜ ሲደርስ፣ ክፍላቸው ይለያይ ያለችው እናቲቱ ናት። አባትየው ሆዱ አልቆረጠም፤ ድንቢጥ ደግሞ ከነጭራሹ አኮረፈች። እናቲቱ ግን አስተማሪ ናትና አልተበገረችም። እሷ ጋር ካስቀመጥነው አፏን ተከራይቶ ይኖራል አለች። ሐኪሟም ተስማሙ። በመጀመሪያው ቀን እናቲቱ የራሷን ተማሪዎች መቀበል ስላለባት ልጆቹን ያደረሰው ሶፋ ሠሪው ነው። ድንቢጥ በምርኩዟና በእግር መደገፊያዋ፣ ገና ከበሩ ከዘበኛው ጋር ወሬ ጀምራ ገባች። የእሷ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ምድር ቤት ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ከደረቱ አላላቀቀም።

አባትየው መሄድ አቃተው። ሥራ እየጠበቀው፣ አጥሩ አጠገብ እንደ ሌባ ሲያንዣብብ ዕረፍት ተደወለ። ልጆች እንደ ውሃ ፈሰሱ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ፤ አባቱን በአጥሩ ቀዳዳ አየውና በቀስታ መጣ። ግንባሩ እንደ ሕፃንነቱ ኮስተር ብሏል። አባትየው አጎነበሰ። ውሃ ነው፣ ሽንት ነው፣ ማን መታህ፣ ሁሉም አፉ ላይ መጣ፤ ዋጠው። ጠበቀ። ልጁ አንዴ ጀመረና ተወው። ፎቁን ቀና ብሎ አየ፤ እንደገና ጀመረ።

«ድንቢጥን» አለ። «ደረጃውን... ማን ይዟት ወጣ?»

ሶፋ ሠሪው መልሱን አያውቅም ነበር። በሩን ዞሮ ገባና ልጁን እጁን ይዞ ፎቁን ወጡ። ድንቢጥ ከተማሪዎች መሐል ቁጭ ብላ ስለ ቀዶ ሕክምናዋ ትተርካለች፤ ደረጃውን ይዛ ያወጣቻት አስተማሪዋ ነበረች። ጋሼ አየና በቃው፤ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

አባትየው ወደ ሥራው ሲሄድ መንገድ ላይ ለሚስቱ ደወለ። በዕረፍት ሰዓቷ አገኛትና ነገራት። ራሱ ነው ያለው አለች፤ አዎ አላት። ማንም ሳያስጀምረው? ማንም ሳያስጀምረው። ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«እስቲ እንዳለው አድርገህ ድገመው» አለችው።

ደገመላት። አውቶቡሱ መጥቶ እስኪሄድበት ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመችው።